ታፈረ ያላለው ቃል

ባለቤቴ ታፈረ የሞተው ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን 1973 ዓ.ም. ነው። ማሽላ ሊሸምት ወደ ተከዜ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ በስምንተኛው ቀን አረፈ። ላሊበላ፣ ከአሸተን ማርያም ሥር ካለው ቤታችን ሬሳው ሲወጣ እኔ የማስበው ስለ ልጃችን ስለ ስሜነሽ ነበር። ስሜነሽ አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ናት። አንድ ፈተና ጥር ላይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሰኔ ላይ ይጠብቃታል።

ባገራችን መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ፊት ለፊት ነው የሚረዳው። ለተማሪማ ፈተናው ሳያልፍ የሚነግር እንደ ጠላት ይቆጠራል። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል እስከ ሰኔ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አዘዙ። ደብዳቤያችንን ወልዲያ የሚያደርስልን የጭነት መኪና ሹፌሩ ሀሰንም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “ወላሂ” አለኝ።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ የስሜነሽ ደብዳቤ መጣ። አባቷ በሕይወት ሳለ የጻፈችው ነው። “አባዬ አሁንም እንደተቀየመኝ ነው?” ትላለች። “እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከፈተናው በፊት ከአፉ አንድ ቃል ካልላክሽልኝ ትምህርቱን ትቼ መምጣቴ ነው።”

ቅያሜው እውነት ነበር። ማትሪክ ባለፈች ጊዜ ከገነተ ማርያም ሽማግሌ ተልኮላት ነበርና ታፈረ ሊድራት ፈለገ። እኔ ወልዲያ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬ በጋብቻ ያቋረጥሁ ነኝና በዚህ አንድ ነገር ብቻ እምቢ አልሁት። በመጨረሻ ተወው እንጂ እሺ አላለም። መኪናው ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት፤ ስሟትም ቃል አልወጣውም።

አሁን ከመጣች እንደማትመለስ አውቃለሁ። አባት የሌላት ልጅ፣ አባወራ የጎደለበት ቤት፤ ዘመዶቹ በዓመቱ ይድሯታል። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። በፊት የምጽፍላት ሁሉ ብርድ እንዳይመታሽ፣ በማታ እንዳትወጪ፣ ያላወቅሽውን ሰው እንዳታምኚ፣ ስብሰባ ላይ አፍሽን ያዢ የሚል ነበር። እሱን እንደ ልማዴ ጻፍሁና ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጨመርሁ፦ “አባትሽ እንዲህ ይልሻል፦ ልጄ፣ ሴት ተምራ ምን ትሆናለች ያልሁት ባለማወቅ ነው። ገበያ ላይ ሰው ልጅህ የት ናት ሲለኝ ቀና ብዬ ነው የምመልሰው። ኮርቼብሻለሁ። ጨርሰሽ ነይ።”

ለጎረቤቴ ለአመተ ማርያም አነበብሁላት። እንባዋን ጠረገችና ቆይታ ሳቀች። “አንቺ አልጣሽ፣ ያ ዝምተኛ ዕድሜውን ሙሉ ያልተናገረውን በአንድ ወረቀት አስለፈለፍሽው። ነፍሱ በሰማይ ትታዘብሻለች።”

መልሱ በየካቲት መጣ። ጥሩ ውጤት አምጥታለች። ደብዳቤውን በፈተናው ጠዋት አንብባ እንደገባች፣ ደብተሯ ውስጥም አድርጋ እንደምትዞር ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤዋ ሁሉ ለእሱ ሆነ። የገብሱን ነገር፣ የበሬውን እግር፣ ሳሉን ትጠይቀዋለች። ስትመረቅ ምን ልታደርግለት እንደምታስብ ትነግረዋለች፤ አስተማሪ ሆና ላሊበላ ከተመደበች ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ አንድ ክፍል እንሠራለን ትለዋለች። በግርጌው “ለእማዬም ሰላምታ” የሚል አለ።

እኔም እሱን ሆኜ መለስሁ። ሦስት ጊዜ። በሞተ በአራተኛው ወር ታፈረ ቀልድ ጀመረ። ጥቁሬን ለብሼ፣ ብቻዬን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እሱ የሚላትን ሳስብ እውላለሁ። መንደሩ ስለ እሱ አልቅሶ ጨርሷል፤ እሷ ደግሞ ስለ እኔ የምትጠይቀው የላትም። እንዲያ ሆኖ እንኳ ደብዳቤው አንድ ሳምንት ሲዘገይ ታስራለች፣ ታማለች፣ ሞታለች እያልሁ እህል አይወርድልኝም ነበር።

ሐምሌ ስምንት ቀን መጣች። ክረምቱ ገብቶ መኪናው ሙጃ ከተማ ላይ ስለቀረ ሁለት ቀን በእግሯ ነው የመጣችው። ጥቁሩን አውልቄ ጠበቅኋት። ገና ደፉን ሳትረግጥ “አባዬስ?” አለች። ቆላ ወርዷል አልኋት። እግሯን አጠብሁ፤ አበላኋት፤ ተኛች። ሊነጋጋ ሲል ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። አባ ወልደ ሩፋኤል አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባት። የጮኸችውን አልጽፈውም።

በአራተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ደብዳቤውን ከደብተሯ አወጣች። ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ቀኑን በጣቷ አሳየችኝ፦ ታኅሣሥ 24።

“ይህን መቼ ነው ያለው?”

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ስድስት ወር ሙሉ ስፈራው ነበር። ታሞ ተኝቶ ሳለ ብሎኝ ኋላ ጻፍሁት ልላት አዘጋጅቼ ነበር። ፊቷን ሳይ አቃተኝ።

“አላለም” አልሁ። “እኔ ነኝ የጻፍሁት። ትተሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው።”

“ሌሎቹንስ?”

“ሁሉንም።”

“ሲሞት ስለ እኔ ምን አለ?”

“ትኩሳቱ አላስነገረውም። ውሃ ነበር የሚጠይቀው።”

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። ደብዳቤውን ከላይ ጀምራ አንድ ጊዜ አነበበችው፤ የእኔንም ክፍል፣ የእሱንም።

“እንግዲያው ኮርቼብሻለሁ ያልሽኝ አንቺ ነሽ” አለች። “ያንቺው ቃል ከሆነ፣ በራስሽ ስም ምነው አልጻፍሽውም? በራስሽ ስም የጻፍሽልኝ ብርድና ሌባ ብቻ ነው።”

ቡችላ እንዳላት ውሻ ሆኜ ስንት ዓመት ስጠብቃት ኖርሁ፤ ያንን ቃል ግን ከአፌ ካወጣሁት ክፉ ነገር ሰምቶ የሚነጥቀኝ ይመስለኝ ነበር። ይህን አልነገርኋት። ዝናቡ መጣና የተሰጣውን ብቅል ለማንሳት ተነሣን።

የምደባ ዕጣዋ አርባ ምንጭ ወጣ። በመስከረም ሄደች። ስትሰናበተኝ አቀፈችኝ፤ ደብዳቤውን ይዛ ትሂድ ትጣለው አላየሁም።

በኅዳር አንድ ገጽ ጻፈችልኝ። ደህና ናት፤ የምታስተምረው ሰባተኛ ክፍል ነው፤ አገሩ ሞቃት ነው፤ ማታ ማታ ትንኝ ያስቸግራል። ትንኝ የሚለውን ሳነብ ወረቀት አወጣሁ። ወዲያው መልስ ጀመርሁ። ኪኒኑን እንዳታቋርጪ፣ አጎበር ግዢ፣ ውሃ ያቆረበት ቦታ ቤት አትከራዪ፣ ራስሽን ካመመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፣ አባትሽ ሦስት ቀን ዝም ብሎ ነው የተበላሸው። ስለ ወባው ብቻ ሁለት ገጽ ሆነ። ደግሜ ሳየው በራሴ ስም የጻፍሁት ዛሬም ያው ፍርሃት ነው፤ ወረቀቱም አልቋል።

ሀሰን መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱን የሞተሩ ክዳን ላይ አስደግፌ፣ ኅዳጉ ላይ ወደ ጎን፣ “እኔ እናትሽ አልጣሽ ኮርቼብሻለሁ” ብዬ ጻፍሁ። መኪናው ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሉ ተንጋደደ። አጥፌ ሰጠሁት፤ ሄደ።

ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ጠርዝ ላይም ነው። እንዳታየው እፈራለሁ።