የጀምበሩ ኩታ

«ኩታውን አውጪልኝ» አሉ እማማ ባየች፣ ከጭነት መኪናው ወርደው አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ። «የልጄን ኩታ አውጪልኝ። እሱን ይዤ ላልቅስ።»

ብርነሽ የአማቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ እንዳለች እዚያው ቀረች።

ባሏ ጀምበሩ ከተቀበረ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ለመንግሥት ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። መርዶው ቡልጋ እስኪደርስ፣ እናቱና እህቱ ማሚቴም በባቡር እስከ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶ ደግሞ በሽንኩርት መኪና ላይ ተጭነው ዳገቱን ወጥተው አሰበ ተፈሪ እስኪገቡ፣ ይኸው ሰባቱ አንድ ቀን ቀረው። በእማማ ባየች አገር ሰው የሚለቀሰው ልብሱ ተይዞ ነው። የጀምበሩ ልብስ ደግሞ እናቱ ሁለት ክረምት ሙሉ ፈትለው ለሠርጉ ያለበሱት ባለ ጥለት ኩታ ነው። ከዚያ ፈትል በኋላ ዓይናቸው ደከመ፤ እንዝርት ነክተው አያውቁም።

«ይወጣል እማማ። መጀመሪያ ትንሽ ይረፉ» አለች ብርነሽ።

ይህን ማለት አልነበረባትም። «የለም» ማለት የነበረባት ያኔውኑ ነበር። ኩታው ከጠፋ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አልተሸጠም፣ አልተሰረቀም። ጀምበሩ ራሱ በገዛ እጁ ቀዶ ለልጁ የሽንት ጨርቅ አድርጎታል። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ስድስት ቀን በፊት አፈር የተመለሰበት እሱ ነው።

ሦስተኛዋ ጎረቤቷ ሰዓዲያ ናት። ከሰዓት በኋላ በጀበና ሳይሆን በትልቅ ማንቆርቆሪያ፣ የቡና ገለባ በወተት የተፈላበትን ሆጃ ይዛ መጣችና ከብርነሽ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች።

«ሰብር አድርጊ እህቴ። ትንሽ ፉት በይ፣ ሆድሽ ባዶ ነው።»

«ኩታውን ጠየቁኝ» አለች ብርነሽ በሹክሹክታ።

«የቱን ኩታ?»

«ያንን።»

ሰዓዲያ ሆጃውን መቅዳት አቆመች። «ያ ረቢ! ታዲያ ንገሪያታ!»

«እኔ ራሴ እነግራታለሁ ብሎ አስምሎኛል።»

«ሞቷል እኮ፣ አቦ!»

«ስለሞተ እኮ ነው ጭንቁ! እናቱን ዐሥራ አንድ ዓመት ሲዋሽ የኖረ ሰው ነው ብዬ በሰባቱ ቀን ላዋርደው? ዝም ካልኩ ደግሞ ሌባዋ እኔ ነኝ።»

ሌባ ለመባልም ነገን አልጠበቀችም። ከግድግዳው ባሻገር ማሚቴ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት ለአንዷ ለቀስተኛ ታወራለች። «ሣጥኑን አየሁት። ሁለት ሸሚዝና አንድ ካፖርት ነው ያለው። ሸጣው ነው እንጂ፣ ኩታ እግር አውጥቶ አይሄድ!» ለቀስተኛዋ ከንፈሯን መጠጠች። ብርነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

እነሱ አሰበ ተፈሪ የመጡት በ1946 ዓ.ም. ነው። ብርነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ስምንት ወሯ ነበር። እናት የለ፣ አክስት የለ፣ ልጅ እንዴት እንደሚታቀፍ የሚያሳይ ሰው የለ። ጀምበሩ የአውራጃ ጸሐፊ ነው፤ ደብዳቤ ማርቀቅ እንጂ ልጅ መጠቅለል ማን አስተማረው? ዓለምሸት ስትወለድ ሁለቱም እንደ እንግዳ ቆመው አዩዋት።

ውሃ ከወንዝ በእንስራ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ ልብስ ሰፊው አብዱልቃዲር ከስፌት መኪናው ሥር የተጠራቀመውን ቁርጥራጭ በጆንያ ሞልቶ ሲሰጣቸው ብርነሽ እጁን ልትስመው ምንም አልቀራት። «ጠቅልሎ መጣል ነው። ማጠብ የለ፣ ማስጣት የለ!» አላት። እውነትም ለአንድ ሳምንት ገላገላት። ካኪውም፣ ጨርቁም፣ የሱሪ ኪሱም እየተጠቀለለ ሲረጥብ ጉድጓድ ይገባል። በሳምንቱ ግን የልጅቷ ጭን በርበሬ መሰለ። ካኪ ለወታደር እንጂ ለአራስ ልጅ አልተሠራ።

ጀምበሩ ለምሳ ሲገባ እናትም ልጅም ያለቅሳሉ። ኮቱን ሳያወልቅ ሣጥኑን ከፈተ። ኩታውን አወጣና ጠርዙን በጥርሱ ያዘ።

«አንተ! አብደሃል እንዴ?»

«ኩታ የሚፈተለው ሰው እንዲሞቀው አይደል? ይኸው ሰው መጣ!»

ትርርር አደረገው። ቀደደ፣ አጠፈ፣ ቀደደ፤ ዐሥራ ሁለት ቦታ። ጥለቱን እንኳ አልማረውም። «ከዛሬ ወዲያ የሚጣል ጨርቅ እዚህ ቤት አይገባም፤ ይህን እያጠብን እንጠቀልላታለን» አለ። ልጅቷ በአዲሱ ጨርቅ ተጠቅልላ ዝም ስትል የእሱም ቁጣ በረደ። ክምሩን እያየ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«እናቴ እንዳትሰማ» አለ። «ለፋሲካ ፈቃድ ወስጄ ስሄድ ራሴ እነግራታለሁ። ማዪልኝ።»

ማለችለት። አራስ ነበረች፤ በምን ማዪ ቢላት ትምል ነበር።

ታዲያ ሥራው ከቀደዳው በኋላ ነበር የመጣው። የታጠበውን ጨርቅ አገር ቤት እንደለመዱት አጥር ላይ አሰጡት። የዚህ አገር አጥር ቅንጭብ ነው፤ ለቡልጋ ሰው ደግሞ አጥር ሁሉ አጥር ነው። በሦስተኛው ቀን የልጅቷ ቂጥ ውሃ ቋጠረ። ብርነሽ ዓይን ነው አለች። ጀምበሩ ጠበል አመጣ። ጠበሉም አልረዳ፣ ልጅቷም እሪ እንዳለች ዋለች። እሪታው ያስቸገራት፣ ያን ጊዜ ገና ሰላምታ እንኳ ያልነበራቸው ሰዓዲያ፣ ልትጠይቅ ስትገባ ዓይኗ አጥሩ ላይ አረፈ።

«ያ ረቢ! ቅንጭብ ላይ? ወተቱ ያቃጥላል እኮ! ልጂቱን በእሳት ነው የጠቀለልሻት!»

እንደ መብረቅ ሄዳ ጨርቁን ሁሉ ከአጥሩ ገፈፈች፤ በአመድ ውሃ ሦስት ጊዜ ቀቀለችው። ጀምበሩ በዚያው ቀን ገበያ ወርዶ የግመል መጫኛ ገመድ ገዛና ከደጃፉ ምሰሶ እስከ ሰዓዲያ ግራር ድረስ ወጠረው። ገመዱ የሁለቱ ቤት ሆነ፣ ጨርቁም እንደዚያው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ ከቢሮ ሲመጣ፣ እጁን ሳይታጠብ መጀመሪያ ወደ ገመዱ ነው። እያንዳንዱን ዳሰስ ያደርግና ይገለብጠዋል። «ሆዱ ደርቋል፣ ጀርባው ቀርቷል» ይላል።

የቢሮ ጓደኞቹ በመንገድ ሲያልፉ፣ «ጸሐፊው ባንዲራ ሊያወርድ ነው!» ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። «ፀሐይዋ አንተ ካላዘዝካት አትሠራም?» ትለዋለች ብርነሽ ከጓዳ። ያን ጊዜ ደሞዙ ትንሽ፣ ቤቱ ጠባብ፣ እንቅልፍ የሌለበት ነበር። ዛሬ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ስታስበው ግን እንደዚያ የሞላ ጊዜ አልነበራትም።

ያ ፋሲካ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰ። በመጣ ቁጥር ወደ ቡልጋ የሚሄደው ግን ደብዳቤው ብቻ ነው። «እናቴ ሆይ፣ ኩታሽን ለጥምቀት ለብሼው አገር ጉድ አለ» ብሎ ይጽፋል። «ኧረ አንተ ዋሾ!» ብላ ጎኑን ትቆነጥጠዋለች። «ዓይኗ የጠፋበት ፈትል ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?» ይላታል፣ ሳቁም ከፊቱ ይጠፋል።

በሰባቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ እማማ ባየች የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ፀጉሯን ይዳብሳሉ። ዓለምሸት ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አያቷን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«አባትሽ ኩታውን ሲለብስ ያምርበት ነበር?»

«የቱን ኩታ?» አለች ዓለምሸት።

ማሚቴ ከወዲያ በኩል «ይኸው!» አለች። እማማ ባየች የልጅቷን ፀጉር ለቀቁ። የደከመ ዓይናቸውን ወደ ብርነሽ አዞሩ፤ ያ ከጩኸት ይልቅ ከበዳት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት አድሮ ነበር። ብርነሽ ተነስታ ፊታቸው ተንበረከከች።

«እማማ፣ ኩታው የለም። ዓለምሸት ስትወለድ ጀምበሩ ቀዶ የሽንት ጨርቅ አደረገላት። ራሴ እነግራታለሁ ብሎ አስማለኝ። አልነገረዎትም። ደብዳቤው ሁሉ ውሸት ነው።»

«አየሽ!» አለች ማሚቴ። «ሞቷላ! ሟች አይመሰክር! ሁሉንም በሱ ልታላክኪ ነው? እስቲ ጨርቁ የታለ? አንድ ቁራጭ አሳዪን!»

ብርነሽ የምታሳየው የላትም። ዐሥራ ሁለቱም በየሰው ቤት አልቀዋል።

«አለ!»

ደጃፉ ላይ የቆመችው ሰዓዲያ ናት። ማንቆርቆሪያዋን መሬት አስቀመጠች። «ወሏሂ አንድ አለ። ልጄ ቤቴ መጥታ ወልዳ የለ? ሕፃኗ ላይ ነው። ለቅሶ ነው ብዬ ከገመዳችሁ አንስቼ ጓሮዬ አሰጣሁት። ቆዪ!»

ሮጣ ሄደች፣ ሮጣ መጣች። በእጇ የያዘችው ከማጠብ ብዛት የሳሳ፣ ገና ያልደረቀ፣ አንድ ጠርዙ ላይ የደበዘዘ አረንጓዴ ጥለት የቀረበት ጨርቅ ነው። «እንቺ እናቴ፣ ታጥቧል። ንጹሕ ነው» አለችና እማማ ባየች ጭን ላይ አኖረችው።

እማማ ባየች ዓይናቸውን አላመኑትም። በአውራና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት፤ ክሩን እየተከተሉ እስከ ጥለቱ ሄዱ።

«ፈትሌ ነው» አሉ። ጥለቱን ሳይለቁ፣ «ስንት ልጅ ያዘ?»

ሰዓዲያ በጣቷ ቆጠረች። «ዓለምሸት፣ የኔ ጂብሪል፣ የውቢት ልጅ፣ የአስተማሪዋ መንታ፣ የልብስ ሰፊው የአብዱልቃዲር ሦስቱ...»

«ያ ቁርጥራጭ ሰጪው?» አለች ብርነሽ፣ ሳታስበው።

«እሱ ራሱ! ሚስቱ ካኪውን አልፈልግም አለችው። አሁን የልጄ ልጅ። ዘጠኝ።»

ማሚቴ አንገቷን ደፋች። እማማ ባየች ግን ጨርቁን በመዳፋቸው ጨበጡት።

«በየፋሲካው እመጣለሁ ይለኝ ነበር» አሉ። «በግ አስሬ እጠብቀው ነበር። ብርነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ የቀረው በዚህ ነው?»

ብርነሽ አንዴ መናገር ጀምራለች። «በዚህ ነው እማማ። ፈቃዱን ይወስድ ነበር። ሻንጣውን ይይዛል፤ ኩታውን አምጣ ብትለኝስ ይላል፤ ሻንጣውን መልሶ ይፈታል።»

«ምነው ልጄ!» እማማ ባየች ጨርቁን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ምነው! ኩታማ ሺህ ይፈተላል! ራቁትህን ብትመጣልኝስ! እኔን ፈርቶ? እናቱን? ለጨርቅ ብሎ ዐሥራ አንድ ዓመት ዓይኑን ነሳኝ?»

ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የወጣው። ማሚቴ ብርነሽን አቅፋ፣ «ይቅር በይኝ፣ አፌ ይቆረጥ» እያለች አብራ አለቀሰች። ሰው በዳሱ ሲሞላ እማማ ባየች መሃል ላይ ቆሙ። ሌላው ጠመንጃና ካባ ከፍ በሚያደርግበት እጅ ያችን እርጥብ ጨርቅ ከፍ አድርገው አሞሹ፦

«የፈተልኩልህን ከሣጥን አጣሁት፣
ዘጠኝ ልጆች አቅፎ ከገመድ አገኘሁት።»

የአሰበ ተፈሪ ሴቶች በአማርኛም በኦሮምኛም አለቀሱ። ያችን ጨርቅ ያላወቀ ጥቂት ነበር። ልብስ ሰፊው አብዱልቃዲር ዳሱ ጥግ ላይ ቆሞ በጥምጣሙ ጫፍ ፊቱን ሸፈነ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ከሰዓዲያ ቤት የሕፃን ድምፅ ተሰማ። እማማ ባየች አንገታቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ። ጨርቁን ለሰዓዲያ ዘረጉላት።

«ውሰጂ። ባለቤቷ ትጣራለች።»

«አይ እናቴ፣ አንቺ ያዢው። የልጅሽ ነው።»

«ሣጥን ውስጥ ከትቼ ለብል ላበላው? ውሰጂ እንጂ! እርጥብ መሆኑን ግን እወቂ። ገና አልደረቀም፤ አሰጪውና ይድረቅ።»

ሰዓዲያ ወጥታ እንደ ድሮው ከደጃፉ ምሰሶ እስከ ግራሩ በተወጠረው ገመድ ላይ አሰጣችው። ገመዱ ላይ ሌላ ምንም የለም።

ለቀስተኛው ንፍሮውን ቀምሶ ሲበታተን ስድስት ሰዓት ሆነ። የቢሮ ሰዎች ለምሳ በመንገዱ ያልፋሉ፤ ከአጥሩ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ብርነሽ እስካሁን ከሰሌኑ አልተነሳችም፤ ሐዘንተኛ ተነስቶ ሥራ አይነካም። ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። ብርነሽ ወደ በሩ አየች፣ ቆየች፣ እንደገና አየች። የሚመጣ የለም።

ተነሳች። እማማ ባየች የእግሯን ኮቴ ቢሰሙም፣ «ወዴት?» አላሏትም። በባዶ እግሯ ግቢውን አቋርጣ ገመዱ ሥር ቆመችና ጨርቁን ዳሰስ አደረገችው። ሆዱ ደርቋል። ገለበጠችና ጀርባውን ለፀሐይ ሰጠችው።