ቀለሙ እስኪለቅ

ሩቲ ፀጉሯን ቀይ የተቀባችው ለቤርሳቤህ ሠርግ ነበር። ቤርሳቤህ አዲሱ ገበያ ካለው መነጽር ቤት አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ናት። አራቱ ሚዜዎቿ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሰው ፀጉራቸውንም በዚያው ቀለም እንዲቀቡ ፈለገች። ሦስቱ ፀጉር ቤት ሄዱ። ሩቲ ግን በካርቶን የሚሸጠውን ገዝታ፣ በአንድ ግቢ የምትኖረው ጎረቤቷ ሀያም እያገዘቻት ቤቷ ተቀባች። ጫፍ ጫፉ ደህና ወጣ። ሥሩ ግን፣ የራስ ሙቀት ነው አሉ፣ ቁልጭ ያለ ድልህ መሰለ። ለሠርጉ አበባ ሰክተው ሸፋፈኑት፤ ፎቶ ላይም እምብዛም አያስታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ መስታወት ባየች ቁጥር ይቆጫት ጀመር። አስለቅቀዋለሁ፣ ነገ አስለቅቀዋለሁ ስትል ሁለት ሳምንት አለፈ።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አክሊል ደወለላት።

አክሊል የአክስቷ የአጸደ ልጅ ነው። የሩቲ እናት የሞተችው ሩቲ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነበር፤ ያን ጊዜ የእናቷ ታላቅ እህት አጸደ ልጅቷን ከለቅሶው ቤት በቀጥታ ሸጎሌ ወስዳ ከልጇ ከአክሊል ሳትለይ አሳደገቻት። አጸደ ዕድሜዋን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ እሑድ ከቸርች የማትቀር፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ስማ ወይም አቅፋ ፍቅሯን መግለጽ አይሆንላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሩቲን በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ ፀጉሯን አጥባ፣ ቀብታ ሹሩባ ትሠራት ነበር። ሩቲ አድጋ ሥራ ከያዘች በኋላም ያው ነው። ከውጭ ስትገባ አጸደ መጀመሪያ ሻሿን ትፈታላትና ፀጉሯን በጣቶቿ እየዳበሰች፣ ደርቋል ወይም ሳስቷል ትላታለች። እንዴት ዋልሽ ማለቷ ነበር።

ከተለያዩ አራት ወር ሆኗቸዋል። በጥር ሩቲ አዲሱ ገበያ አንድ ክፍል ተከራይታ እንደምትወጣ ስትናገር አጸደ ነገሩ አልጣማትም። ሳታገባ ብቻዋን የምትኖረው ምን ጎድሎባት እንደሆነ ጠየቀቻት። ሩቲ ለሥራዬ ይቀርበኛል አለች። አጸደም፣ "ሥራ አይደለም። ወጥተሽ ዓለምን ልትመስዪ ነው" አለቻት።

ሩቲ ተናደደችና፣ "እናቴ አይደለሽም፤ አትዘዢኝ" አለች።

አጸደ የሩቲን ሸሚዞች እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከትላት ነበር። የቀሩትንም አጥፋ ጨረሰች፤ ዚፑን ዘጋች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ እርስ በርስ አልተደዋወሉም። ሰላምታውን የሚያደርሰው አክሊል ነበር።

አሁን አክሊል በስልክ የነገራት ሩቲ የማታውቀውን ነበር። እናቱ ልቧን ታማ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ፣ ሐሙስ ወደ ቤት ተመልሳለች። ለሩቲ እንዳይነግር የከለከለችው ራሷ ናት።

"ዛሬ ግን ከነጋ ጀምሮ ትጠራሻለች" አላት። "የምነግራት አለኝ ትላለች። ነይ።"

"አሁን እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። ሻይም ጠጥታለች።"

ሩቲ ወዲያው ለበሰች። ሻሽ አስራ ልትወጣ ስትል መስታወት ፊት ቆመች። ከሻሹ ጠርዝ ሥር፣ ግንባሯ ላይ፣ ቀዩ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አጸደ ሻሿን እንደምትፈታው ታውቃለች። ዓለምን ልትመስዪ ነው ያለችው ቃል ትዝ አላት፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ሄዳ የአክስቷን ቃል በራሷ ላይ ተሸክማ እንደምትገባ ታሰባት። አክሊል ደህና ናት ብሏታል። ሸጎሌ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ፣ አለች ለራሷ፤ አንድ ሰዓት ብታገኝ ቢያንስ ወደ ቡናማ ይቀየራል።

ሀያምን ጠራቻት። ሀያም ጉዳዩን ሰምታ በር ላይ እንደቆመች፣ "ሻሽሽን አጥብቀሽ እሰሪና ሂጂ፤ የታመመ ሰው ፀጉር አያይም" አለቻት። ሩቲ፣ አክስቴን አታውቂያትም አለቻት። ሀያምም ከዚያ በላይ አልተከራከረችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች።

ውኃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሁለት ጀሪካን ብቻ አላቸው። ግማሹን አሞቁና ሩቲ የፎሮፎር ሻምፖዋን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ለውሳ ፀጉሯን ከሥር እስከ ጫፍ አሸችው። አረፋው ሮዝ ሆነ። ሀያም በጆግ እያወረደች ስታለቀልቃት ሳፋው ውስጥ የወረደው ውኃ የቀይ ሥር መረቅ መሰለ። ሩቲ ደስ አላት፤ ሁሉም እየወጣ ነው ብላ ደገመችው። በፎጣ አድርቃ ስታይ ጫፉ እውነትም ፈዟል። ሥሩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ዙሪያው ስለደበዘዘ ይበልጥ ታየ።

ያኔ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሀያም ስልኳ ላይ ስትፈልግ ሌላ ዘዴ አገኘች። ፋርማሲ ሄዳ የሚመጠጠውን ቫይታሚን ሲ አመጣች፤ በሙቀጫ ወቅጣ ከሻምፖ ጋር አዋሃደችውና ሥር ሥሩን ቀባቻት። ከላይ ፌስታል አጥልቃ በፎጣ ጠቀለለችው። አንድ ሰዓት መቆየት አለበት ይላል። ሩቲ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። የምትለውንም ታጠና ነበር። እቴቴ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ከልቤ አይደለም። ከዚያ ደግሞ ከልቧ እንዳልሆነ እንዴት እንደምታስረዳት አሰበች። ያ ቃል ሲወጣ ከልቧ ነበር፤ ያቃጠላትም ይኸው ነው።

አራት ሰዓት ላይ አክሊል ደወለ። እጇም አንገቷም ሻምፖ ነበር፤ ስልኩ ጮኾ ዝም አለ። ጣቷን ጠርጋ፣ እየመጣሁ ነው፣ ብላ ጻፈችለት።

ፌስታሉን ሲያወርዱ ውኃው አልበቃም። አረፋው ሳይለቅ ሁለተኛው ጀሪካን ተሟጠጠ። ሀያም የቤቱን ባለቤት እትዬ ኢየሩን ለምና አንድ ጀሪካን እስክታመጣ ሩቲ ዓይኗን ጨፍና ሳፋው ላይ እንደጎነበሰች ቆየች። የራስ ቆዳዋ ይለበልባት ጀመር። ታጥቦ ሲያልቅ ሥሩ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ብርቱካንማ ሆኖ ነበር፤ የዛገ ቆርቆሮ የመሰለ፣ ቦታ ቦታ ላይ የጨለመ፣ ቦታ ቦታ ላይ የነጣ። ከበፊቱ ይልቅ አስፈሪ ሆነ። ሩቲ በዚህ ላይ ብታቆም ይሻላት ነበር። እሷ ግን አቼቶ በሞቀ ውኃ በጥብጣ አፈሰሰችበት፤ ቀጥሎም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ሀያም በቃሽ፣ ቆዳሽ ተላጠ ስትላት አልሰማቻትም። ፀጉሯ በእጇ እየተቆረጠ ይመጣ ጀመር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን አነሳችው።

"ሩቲ፣ የት ደረስሽ?" አለ አክሊል። ድምፁ የጠዋቱ አልነበረም።

እንዲያ እርጥብ እንደሆነ ሻሽ ጣል አድርጋበት ሮጠች። ታክሲው ሞልቶ ሲወጣ፣ መንገዱ ላይ ወደ ገበያ የሚነዱ በጎች ሲያስቆሙት፣ እሷ ከኋላ ወንበር ላይ አቼቶ አቼቶ እየሸተተች እጇን በእጇ ትጨምቅ ነበር። ሸጎሌ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

አጸደ ትራስ ተደርድሮላት ተኝታለች። ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። የቸርቿ ሴት እህት ፀሐዬ አጠገቧ ቁጭ ብላ በለሆሳስ መዝሙር ትዘምርላታለች። እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ ስትናገር ነበር አለቻት እህት ፀሐዬ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሩቲ ናት እንዴ ትል ነበር። ከዚያ ደከመኝ ብላ ፊቷን አዞረች፤ ከዚያ በኋላ ሲጠሯት አልሰማችም። ሐኪም መጥቶ አይቷት፣ ከአልጋዋ ባታነሷት ይሻላል ብሎ ሄዷል።

አክሊል፣ "ምነው እንዲህ ዘገየሽ?" አለ።

"ታክሲ ጠፍቶ ነው" አለች ሩቲ።

አልጋው ሥር ተንበረከከች። ሻሿን ራሷ ፈታችው፤ እህት ፀሐዬ አየቻት። የአጸደን እጅ አንስታ እርጥብ ፀጉሯ ላይ አደረገችው። እጁ ሞቃት ነበር፤ ጣቶቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። ስትለቀው ተንሸራቶ ወረደ። እንደገና አነሳችው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ "እቴቴ፣ እናቴ አንቺ ነሽ" አለቻት። ደጋግማ አለቻት። መስማቷን የሚያሳይ ነገር አልነበረም።

አጸደ በማግስቱ እሑድ ማለዳ አረፈች።

በቀብሩም በድንኳኑም ስለ ፀጉሯ አንድም ሰው አላነሳም። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ በወዲያ በኩል አክሊልን፣ በወዲህ በኩል እሷን እያቀፈ፣ እናታችሁ እኮ ጻድቅ ነበረች ይላል። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀል አክሊል አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠና የእናቱን ስልክ አወጣ። ሠርጉ ላይ የነበሩ የቸርች ሴቶች የቤርሳቤህን ሠርግ ፎቶ በቴሌግራም ልከውላት ነበር። ሩቲ ቀይ ፀጉሯን ለቃ፣ አበባ ሰክታ፣ እየሳቀች ቆማለች።

"ሆስፒታል እያለች ነው ያየችው" አላት። "አጉሊልኝ፣ አጉሊልኝ ብላ ነርሷን አስቸገረቻት። ፀጉሯን ጉድ ሠርታዋለች አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ፊቷ ግን ቁርጥ እናቷን አለች። በጎኗ አልጋ ለተኛችውም አሳየቻት። ይቺ ልጄ ናት እያለች።"

ሩቲ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን አጎላችው። ከዚያ የጠየቀችው፣ ልትነግረኝ የፈለገችው ምን ነበር ብላ ነው። አክሊል አላውቅም አለ። እሱም ጠይቋት ነበር፤ እሷ ስትመጣ ለእሷ ነው የምነግራት ብላ ከልክላዋለች።

ያኔ ሩቲ ውሸቷን መሸከም አቃታት። "አክሊል፣ ታክሲ አልጠፋም ነበር" አለች።

"ታዲያ?"

"ቀለሙን ሳስለቅቅ ነበር። በዚህ ፀጉር እንዳታየኝ ብዬ።"

አክሊል ራሷን አየ። በጥቁሩ ሻሽ ዳር ብርቱካንማው ፀጉር ተቆራርጦ ይታያል።

"ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል?" አለ።

"አዎ።"

አክሊል ስልኩን ከእጇ ወስዶ ተነሳና ከድንኳኑ ወጣ። እስከ ሰኔ አጋማሽ ሳይደውልላት ቆየ። እሷም አልደወለችለትም፤ የመደወል መብት ያላት አልመሰላትም።

ሥራዋን ግን ቀጠለች። ሀያም ያንን ሁሉ ጉድ በጥቁር ቀለም ሸፍኚው ብላ መከረቻት፤ አልፈለገችም። ሶዳና አቼቶ ያደረቀው ፀጉር ማበጠሪያ በነካው ቁጥር እየተሰበረ ስላስቸገራት፣ አንድ ከሰዓት ወንዶች ፀጉር ቤት ገብታ አሳጥራ አስከረከመችው። መነጽር ሊሞክሩ የሚመጡ ደንበኞች መጀመሪያ እሷን ያያሉ። አንዳንዶቹ ታምማ ነበር እንዴ ብለው ቤርሳቤህን በሹክሹክታ ይጠይቃሉ።

አክሊል ዝናብ በጣለ አንድ ሐሙስ መነጽር ቤቱ ድረስ መጣ። ከበሩ ሳያልፍ፣ እሑድ የእማዬን ልብስ ልለይ ነው፣ ምሳ ነይ አላት። ሄደች። ፓስታ ቀቅሎ ጠበቃት፤ አብረው በሉ። ሳህኑን ሲያነሳ ነው የተናገረው። ያን ቀን ጠዋት እናቱ ከሻዩ የቀመሰችው ሁለት ፉት ብቻ እንደነበረ፣ እንዳትደነግጥ ብሎ ደህና ናት እንዳላት፣ አሁኑኑ ነይ ማለት ሲገባው ነይ ብቻ እንዳለ ነገራት።

"ብትለኝ እመጣ ነበር" አለች ሩቲ።

"አውቃለሁ" አለ። ቀጥሎም፣ "ግን ሩቲ፣ አሁኑኑ ብልሽም ባልልሽም ትጠራሻለች ብዬሽ ነበር" አለ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ቁም ሣጥኑን ከፍተው የአጸደን ልብሶች አንድ በአንድ አወጡ፤ ለእህት ፀሐዬ የሚሰጠውን ወዲህ፣ ለሌሎች የሚሰጠውን ወዲያ አደረጉ። ሩቲ አንድ የሱፍ ሹራብ ይዛ ብዙ ቆየች። አክሊል አያትና፣ እሱን አንቺ ውሰጂው አላት። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቃ ሹራቡን በፌስታል ይዛ ወጣች፤ እሱም እስከ ታክሲው ድረስ ሸኛት።