ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ መንፈቅ የአማርኛ ክፍል መምህራን ፈተና ለማዘጋጀት ወደ ቤቴ መምጣት አቆሙ። ከዚያ በፊት ፈተና በተቃረበ ቁጥር ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይመጡ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር በፈተና ሰሞን ለሁሉም ስለማይዳረስ፣ ከክፍላችን ደግሞ በቤቷ ኮምፒውተር ያላት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ለመጻፍ ነበር። ሳሎን ጥግ ላይ፣ ራሴ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ቅዳሜ ዳንቴሉን የማነሣው እኔ ነኝ፤ ሥራው ሲያልቅ መልሳ የምታለብሰው ግን አያንቱ ነበረች። አያንቱና እኔ ወደ አምቦ የተመደብነው በአንድ ዓመት ነው። በቀኜ ተቀምጣ ጥያቄዎቹን ከወረቀት ታነብልኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ስሳሳት በእርሳሷ ጫፍ ትከሻዬን ነካ ታደርግና «ጉዴኮ፣ ተመለሺ» ትለኛለች። ስሜ ጉዴ ነው፤ በኦሮምኛ «የእኔ ጉዴ» ማለቷ ነው። በዚህ አጠራር የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ሰልሳቢል ከአዲስ ዓለም ተዛውራ መጣች። ወላጆቿ አምቦ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷም ወደ እነሱ መቅረብ ፈልጋ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ኦቦ ነጋሳ ስብሰባ ላይ እንደ ልማዱ «ቅዳሜ እንግዲህ አዴ ጉዴ ቤት ነን» ሲል፣ ሰልሳቢል ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«የእኔን ድርሻ ጨርሻለሁ» አለች። «የቀረ ዕቃዬን ላመጣ አዲስ ዓለም ሄጄ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጻፍኩት።»

«ሚኒባስ ውስጥ?» አለች አያንቱ።

«ጊንጪ ስንደርስ አልቆ ነበር። የቀረውን መንገድ ተኛሁ።»

ነጋሳ ሳቀ። «ማሎ፣ እባክሽ! እኛ ቅዳሜያችንን ሙሉ የምንለፋበትን?»

አያንቱ ወንበሯን አስጠግታ ስልኩን ለማየት አዘነበለች። ፀጉሯ የሰልሳቢልን ሻሽ ነካ።

«ፈተና የስልክ መልእክት አይደለም» አልኩ። «በኮምፒውተር መሠራት አለበት።»

«ቶሌ፣ ይሁን፤ የፈለገ በኮምፒውተር፣ የፈለገ በስልክ» አለ ነጋሳ። «ሁሉም ድርሻውን በቴሌግራም ይላክልኝ። ማንም ማንም ቤት መሄድ የለበትም።»

በዚያ ሳምንት አያንቱ የዕረፍት ሰዓቷን ከሰልሳቢል ጋር አሳለፈች። በስልክ አማርኛ በፍጥነት መጻፍ እየተማረች ነበር። አንድ ቀን ወደ መምህራን ማረፊያ ስገባ «ሰልሱኮ፣ ይኸው አጠፋሁት» ስትል ሰማኋት። በሩ ላይ ቆምኩ። ለተሰማኝ ነገር ከቅናት የተሻለ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ብቻዬን ጻፍኩ። በቀኜ ያለውን ወንበር ከቦታው አላነሣሁትም። ኅዳጉን አስተካከልኩ፤ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደገና አነበብኩ፤ ከዚያ ላክሁት። ሥራው እንከን አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ስልኮቻቸውን ይዘው ጠበቁኝ። በኮምፒውተሬ ላይ የተጫነው የአማርኛ መጻፊያ የድሮው ዓይነት ነው፤ እሱ በሌለበት ፊደሉ አይነበብም። ይህንን ያወቅሁት በነጋሳ ስልክ ላይ የላቲን ሆሄያት፣ የጥያቄ ምልክቶችና ቅንፎች ተደባልቀው ሳይ ነው። እስከዚያ ቀን ሥራችን ከቤቴ የሚወጣው ታትሞ ብቻ ነበር።

«አማርኛም አይደለም፣ ቁቤም አይደለም» አለ ነጋሳ። «አዴ ጉዴ፣ ይህንን የሚያስተምር መምህር ከየት እናምጣ?»

አያንቱ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሰልሳቢል አልሳቀችም።

«ረቂቁ በወረቀት ካለዎት ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ» አለችኝ። «ዛሬውኑ እገለብጠዋለሁ።»

ብታሾፍብኝ ይቀለኝ ነበር። ፎቶውን ላክሁላት፤ ገለበጠችው።

ረቡዕ ነጋሳ አንድ ቅጂ አሳትሞ መጣ። የአዛምድ ጥያቄዎቹ ፈራርሰዋል። በ‹ሀ› ረድፍ ትይዩ መቆም የነበረበት የ‹ለ› ረድፍ ግማሹ ወደ ታች ወርዷል፤ ግማሹ ከጥያቄዎቹ ጋር ተጣብቋል። ሰልሳቢል ረድፎቹን ክፍት ቦታ እየጨመረች ነበር ያራራቀቻቸው። በስልኳ ላይ ቀጥ ብለው ይታያሉ።

«ተማሪው መጀመሪያ ጥያቄውን ፈልጎ ማግኘት ሊኖርበት ነው» አለ ነጋሳ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ዞሩ። ከሰኞ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረው ይህንን ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን ፊቴ ላይ እንዲታይ አልፈቀድኩለትም።

«ከሰዓት በኋላ ቤቴ አምጡት» አልኩ።

አያንቱና ሰልሳቢል አብረው መጡ። አያንቱ በቀኜ ያለውን ወንበር በእጇ ጠረገችና «አንቺ እዚህ ተቀመጪ፤ ከዚህ ነው በደንብ የሚታየው» አለቻት። ለራሷ ከምግብ ጠረጴዛው ሌላ ወንበር ጎትታ ከሰልሳቢል ጎን ተቀመጠች።

ፋይሉን ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ አስተላለፍን። ሠንጠረዥ ዘርግቼ ረድፎቹን በየቦታቸው አስገባሁ። ሥራው ብዙ አልፈጀም።

«ገጹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይታያል» አለች ሰልሳቢል። «እኔ ስጽፍ የማየው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ረድፉ ሲንሸራተት በምን አውቃለሁ?»

«እኔም የጻፍኩት ከዚህ ሳሎን ውጭ እንደማይነበብ አላወቅሁም ነበር» አልኩ። እውነት ስለሆነ ነው ያልኩት።

«እሱ ቀላል ነው፤ አዲሱን መጻፊያ እጭንልዎታለሁ።»

«በቃ፣ እንደ ድሮው ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰብሰብ» አለች አያንቱ። «ሰልሱኮ በስልኳ ትጽፋለች፤ ጉዴኮ ታስተካክላለች። እኔ እንደ ኃላፊ ቁጭ ብዬ አዛለሁ።»

«አንቺማ ሻይ ታፈያለሽ» አለቻት ሰልሳቢል። ተያይተው ሳቁ።

አያንቱ ሁለቱን ስሞች በአንድ ትንፋሽ፣ በእኩል ድምፅ ነበር የጠራቻቸው።

ሰልሳቢል ዳንቴሉን አንሥታ ጥለቱን ተመለከተች። «በእጅዎ ነው የሠሩት? እናቴ ብታየው አትለቀውም» አለች። አያንቱ ተነሥታ አንዱን ጫፍ ያዘች፤ ሰልሳቢል ሌላውን ያዘች። ዘርግተው ኮምፒውተሩን አለበሱት። እኔ መንገድ ለቀቅሁላቸው።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ነጋሳ ፈተናውን አደነቀ። ከዚያም «ለሚቀጥለው እንግዲህ የት እንሰብሰብ? አያንቱ አዴ ጉዴ ቤት ነው ትላለች» አለ።

«ኮምፒውተሩን ሰኞ አመጣዋለሁ» አልኩ። «መምህራን ማረፊያ ውስጥ ይቀመጥ። ቅዳሜ ማንም ማንም ቤት መሄድ የለበትም።»