ጋሽ አምባው ነዋሪ ናቸው ወይስ አይደሉም?

እህቴ የአብስራ ስድስት ኪሎ ፍልስፍና ትማራለች። ተጥሎባት እንዳይመስላችሁ፣ መርጣ ነው የገባችበት። ለሰሚስተር እረፍት ገላን ኮንዶሚኒየም ስትመጣ፣ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ አምባው አባባን ደረጃ ላይ አቆሙት።

«ቀናው፣ ልጅህ ፍልስፍና ነው አሉ የምትማረው?»

«አዎ፣ ጋሽ አምባው።»

«መፈላሰፍማ ታናሿ ሃሌሉያስ ጉልቷ ላይ ቁጭ ብላ ትፈላሰፍ የለ እንዴ!»

ሃሌሉያ እኔ ነኝ፤ ሳቃቸው አራተኛ ፎቅ ቤታችን ድረስ ተሰማኝ። ቀጥለው ልብስ ፋብሪካ የሚያውቁት አለቃ እንዳለ ነገሩት። አባባ ገብቶ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ «የአብስራ፣ የዛሬ ሳምንት ሰኞ ፋብሪካ ትገቢያለሽ። በቃ!» አለ።

እሷ ደብተሯን ዘጋች። እኔ ግን ተቃጠልኩ። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ጉልት የተቀመጥኩት እሷ ትማር ተብሎ ነው። ጋሽ አምባው የነኩት የእኔንም ትምህርት ነው። አልለቃቸውም አልኩ።

«ደብተርሽን አምጪ» አልኳት። «ሰው በምን ይያዛል?»

«ሎጂክ ሰው መያዣ አይደለም፣ ሃሌ።»

ቢሆንም አስተማረችኝ። ሁለት በር ብቻ እንዳለ አረጋግጪ፣ ከዚያ «በየቱ ትወጣለህ?» ብለሽ ጠይቂ አለች። ሦስት ቀን አጠናሁት።

የብሎኩ መግቢያ ላይ ጋሽ አምባው በእጃቸው የጻፉት ደንብ ተለጥፏል፦ «ደረጃ ላይ በርበሬ ያሰጣ ማንኛውም ነዋሪ፣ አባወራው ራሱ ደረጃውን አንድ ወር ይጥረግ።» ሐሙስ ዕለት ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ሁለተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ አሰጡ። ልነግራቸው እችል ነበር። አስነጥሼ፣ በላዩ ተሻግሬ ሄድኩ።

እሁድ ስብሰባ ላይ አባባ አጠገብ ቁጭ ብዬ እጄን አወጣሁ።

«ጋሽ አምባው፣ እርስዎ ነዋሪ ነዎት ወይስ አይደሉም?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ነዋሪ ነኛ!»

«እንግዲያው የሐሙሱ በርበሬ ከእርስዎ ቤት ነው የወጣው። መጥረጊያ አለዎት ወይስ እናውስዎ?»

ሰዉ ጉርምርም አለ። ጋሽ አምባው ተነሱ።

«እኔን አይመለከትም! እኔ ኮሚቴ ነኝ!»

ይቺን ነበር የምጠብቀው።

«ኮሚቴ የሚመረጠው ከነዋሪ ነው። ነዋሪ ካልሆኑ ከሰብሳቢነቱ ይውረዱ። ከሆኑ ይጥረጉ። በየቱ ይወጣሉ?»

«አንቺ ልጅ፣ አትፈላሰፊብኝ!»

«ገና ምኑን ተፈላሰፍኩ? እህቴን ባመጣትስ?»

ባለሱቋ እትዬ ሰዓዳ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው በሳቅ ተንፈራፈሩ። «ወላሂ ልጅቷ ልክ ናት! ይጥረጉ!» አሉ። ከዚያማ ሁሉም «ይጥረጉ!» ሆነ።

ስንመለስ አባባ ደረጃው ላይ አቆመኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«የአብስራ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በሦስት ቀን።»

«እሷ ሦስት ዓመት ነው የምትማረው አይደል?» አለና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ሰኞ፣ ፋብሪካው ቀርቶ፣ የአብስራን ወደ ስድስት ኪሎ ሊሸኝ ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ ወደ ታክሲ ወረደ። ጋሽ አምባው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎንበስ ብለው እየጠረጉ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አሳለፉን። የአብስራ «እንደምን አደሩ» ብላ እጅ ነሳች። ትንሽ ወርደን ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ፍልስፍና ለበቀል አይደለም፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

ታክሲው እንደሄደ ከእትዬ ሰዓዳ ሱቅ አንድ እሽግ ሱፍ ገዛሁ። ከታች ጀምሬ አራተኛ ፎቅ እስክደርስ እየፈለፈልኩ፣ ገለባውን በየደረጃው እያራገፍኩ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ።