የካርታ አዳዩ ቢላዋ

ነጯ መኪና በጎታች ተንጠልጥላ ጋራዡ ግቢ ስትገባ ፕሮፌሰር የያዘውን የመጫወቻ ካርታ ጣለ። የመኪናዋ አፍንጫ ሆዷ ውስጥ ገብቷል። ጠዋት ፍሬኗን የሠራው እሱ ነበር፤ ሞተር ሲያስነጥስ ከሦስት ሰፈር ማዶ ሰምቶ በሽታውን የሚለይ፣ ብሎን ስሙን ሲሰማ ራሱ የሚፈታለት መካኒክ።

"የፍሬን ቱቦዋን አጥብቀኸዋል አይደል?" አለው አብሮት ካርታ የሚጫወተው ቀለም ቀቢው።

"እኔን ነው የምትጠይቀው?"

ግን ትዝ አለው። የቱቦውን ብሎን በእጁ ብቻ አዙሮ፣ በመፍቻ ሊያጠብቀው ሲል ስልክ ተደወለለት፤ በዚያው ረሳው።  ፊት ለፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የቀንድ እጀታ ያላት ቢላዋ ተጋድማለች።

ቢላዋዋን ለዚህ ጋራዥ ያመጣት ራሱ ነው። "በእንግሊዝኛ ጥፋትን ሌላ ሰው ላይ መግፋት በቁማር ቃል ነው የሚጠራው" ብሎ ነበር አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቋንቋውን ራሱ የፈጠረው ይመስል ደረቱን ነፍቶ። "ድሮ ካርታ የሚያድለው ሰው ፊት ቢላዋ ይቀመጣል አሉ፣ እጀታዋ ከአጋዘን ቀንድ። ማደል ካልፈለገ ወደሚቀጥለው ይገፋታል። ዛሬም ኃላፊነቱን የሚያሸሽ ሰው አጋዘኑን አሳለፈ ይባላል።"

"ወይ አንተ! ፕሮፌሰር እኮ ነህ!" አለው ኤሌክትሪሺያኑ። ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ጨዋታው ግን የጋራዡ ሕግ ሆኖ ቀረ። ባለቤቱ አንድ ጥፋተኛ ካላገኘ ሁሉንም ስለሚያባርር፣ ቢላዋዋ ፊቱ የተገኘችበት ሰው ተነስቶ "እኔ ነኝ" ይላል። እስከ ዛሬ ዋጋው ስድብ ብቻ ነበር። እርግጥ የባለቤቱ ስድብ ከመኪና ላይ ቀለም ይልጣል፤ ቢሆንም ማንንም አላሳሰረም።

ዛሬ በሩ ላይ ከባለቤቱ ጎን ፖሊስ ቆሟል።

በያጁ፣ የፕሮፌሰር ሚስት ታናሽ ወንድም፣ ምሳውን በልቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ለጥ ብሏል። ፕሮፌሰር በአንድ ጣቱ ቢላዋዋን ገፋ አደረጋት። እንጨቱ ላይ ስትንሸራተት ድምፅዋ አገር ያዳረሰ መሰለው። የበያጁ ክንድ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀለም ቀቢው አየ። ኤሌክትሪሺያኑም አየና ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

"እናንተ ከንቱዎች!" አለ ባለቤቱ። "ሴትዮዋ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ናት! ይህን ፍሬን የነካ ማነው?"

ቀለም ቀቢው በያጁን በክርኑ ጎሸም አደረገው። በያጁ ነቃና መጀመሪያ ቢላዋዋን፣ ቀጥሎ የእህቱን ባል አየ።

"ጋሼ፣ እኔ ስተኛ እኮ አንተ ጋ ነበረች" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተነስ እንጂ፣ ሕግ ነው" አለው ፕሮፌሰር በሹክሹክታ። "ስድብ ነው። ስድብ ማንን ገድሎ ያውቃል?"

በያጁ ተነሳ። "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" ብሎ ሲዞር ፖሊሱን አየ። ከንፈሩ አመድ መሰለ።

"አንተ? በያጅን ፍሬን ጋ ምን አደረሰው?" አለ ባለቤቱ።

"ጋሼ፣ ንገራቸው እንጂ!"

ሁሉም ወደ ፕሮፌሰር ዞሩ። እሱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ልማር እያለ ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ ከረመ። እንዳትነካ ብዬው ነበር" አለ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ግን ልጅ ነው፤ እባካችሁ እዘኑለት" ብሎ ጨመረበት።

በያጁ አልጮኸም። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ብቻ፣ "እህቴን ምን ልትላት ነው?" አለ።

በሩ ተዘጋ። ኤሌክትሪሺያኑ ካርታውን በወዘ፣ ግን የሚያድል ጠፋ። ቢላዋዋ ባዶው ወንበር ፊት እንደተጋደመች ነች።

"አንበሳ ነህ" አለው ቀለም ቀቢው ፊቱን ሳያይ። "የሚስትህን ወንድም!"

ፕሮፌሰር መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ። ሚስቱ ናት። አንዴ ጮኾ ዝም አለ፤ ደግሞ ጀመረ። ሦስቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ።

 ፕሮፌሰር በዚያችው ጣቱ ስልኩን ቀስ አድርጎ ወደ ቀለም ቀቢው ገፋው።

"አንተ አንሳላት" አለ።