መንገዱ ሳይደርቅ

ላይል ብሩኔል በሚያዝያ ወር አብረውት የሚኖሩት ሰው አይደለም። ይህን የምትለው ሚስቱ ማርጎ ናት፤ አሥራ አራት ሚያዝያ አብራው ኖራለችና ታውቃለች። ኅዳር ላይ በረዶ ሲጥል የተራራ ብስክሌቱን ጋራዥ ውስጥ ይሰቅልና እስከ መጋቢት ድረስ ደህና ሰው ነው። በረዶው ከጣሪያ መንጠባጠብ ሲጀምር ግን እግሩ ከጠረጴዛ ሥር አርፎ አይቀመጥም። ቁርሱን ቆሞ ይበላል፤ የተነገረውን ነገር እንደገና እንዲነግሩት ይጠይቃል።

ክፋቱ ደግሞ ቬርሞንት ውስጥ በረዶው ቀለጠ ማለት ይነዳል ማለት አይደለም። ከበረዶው በኋላ የጭቃው ወር አለ። የገጠሩ መንገድ መኪና እስከ ሆዷ ይውጣል፤ የጫካው ቀጭን መንገድ ውስጥ ውስጡን በውሃ ያብጥና ጎማ ያረፈበት ሁሉ ቦይ ይሆናል። በዚያ ላይ ጫካው የሰው ነው። ብስክሌት የሚያልፈው ባለቤቶቹ እሺ ስላሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መሬቱ እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይገባም፤ ይህን ከከተማው ልጆች የማያውቅ የለም። ያስተማራቸውም ራሱ ላይል ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተምራል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከትምህርት በኋላ አሥራ አራት ተማሪዎችን ብስክሌት ያለማምዳል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ከሌላው ጊዜ ባሰበት። ትንሹ ልጁ ኦገስት ስምንት ወሩ ነው፤ ጥርስ እያወጣ ቤቱን እንቅልፍ ነስቷል። ማርጎ ነርስ ናት፤ በየቤታቸው የተኙ ሽማግሌዎችን እየዞረች ታክማለች፤ መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ በአሥራ አንድ የምትመጣው ማታ በአንድ ሰዓት ትመጣለች። ትልቋ ዊኒ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ክፍል ውስጥ ትማራለች። ማን ማንን እንደሚያመጣና ማን እራት እንደሚሠራ ማርጎ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጽፋዋለች። ላይል ወረቀቱ ፊት ቆሞ ባዶ ሰዓት ይፈልጋል። የለም።

አንድ ማክሰኞ የመምህራን ስብሰባ ነበረ። ሕፃኑን ከሞግዚቷ ቤት በአሥራ አንድ ተኩል እንደሚያመጣ ለማርጎ ነግሯታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሯ አንገቷን በበሩ ብቅ አድርጋ፣ «ስብሰባው ቀርቷል፤ ግማሹ ሰው ታሟል» አለችው።

ላይል ለማርጎ ሊደውል ስልኩን አወጣ። ውጭው ፀሐይ ነው። የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ደርቆ ነጭ ሆኗል። ስልኩን ይዞ ትንሽ ቆመና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ብስክሌቱ ከመኪናው ኋላ ነበረ። ፍሬኑን አሠራዋለሁ ብሎ ከጫነው ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ፍሬኑ ግን ምንም አልነበረውም።

ወደ ሚስ ፓይክ ጫካ ሲነዳ ከራሱ ጋር ይደራደር ነበር። ወደ ደቡብ የዞረው ጎን ፀሐይ ስለሚያገኘው ይደርቃል። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ብቻ ነው። ከረጠበ እመለሳለሁ። ዶርካስ ፓይክ ሰባ አምስት ዓመት የሞላት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ኮረብታው ሙሉ የሜፕል ዛፍ ነው፤ የዛፉን ጣፋጭ ውሃ በቱቦ አውርዳ እያፈላች ማር የመሰለ ሽሮፕ ታወጣለች። ልጆቹ የሚለማመዱበት መንገድ በዛፎቿ መሀል ያልፋል።

የመጀመሪያው መታጠፊያ እውነትም ደርቆ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ። ላይል ከኮርቻው ተነሥቶ ዳገቱን ሲገፋ ሳንባው ተቃጠለ፤ ጭኑ ተንቀጠቀጠ፤ አምስት ወር ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሥቶ የሄደ መሰለው። ላይ ደርሶ ቁልቁል ሲለቀው ሳያስበው ጮኸ። ከዚያ መንገዱ ወደ ጥላው ዞረ። ጥላው ውስጥ ጭቃ ነበረ። ማቆም ይችል ነበር፤ ፍጥነቱ ጣፍጦት አላቆመም። የፊት ጎማው ሰመጠና ተንሸራተተ፤ ብስክሌቱ ከመንገዱ ወጥቶ ዛፎቹ መሀል ገባ፤ መሪው ቱቦውን ያዘና በጠሰው።

ሲነሣ ጉልበቱ ብቻ ነው የተላጠው። የዛፉ ውሃ ግን ከተቆረጠው ቱቦ እየተንፎለፎለ ቅጠሉ ላይ ይፈሳል። ላይል ከቦርሳው ትርፍ ካላማዳሪያ አውጥቶ ቀደደና ቱቦውን አሰረበት። መፍሰሱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ዞር ብሎ የመጣበትን ሲያይ በሬ ያረሰው ይመስላል፤ ሃያ እርምጃ የሚሆን ጥልቅ ቦይ፣ ከታች ውሃ እየሞላው። ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ከአሥር። ሄደ።

ማርጎ ስትገባ እሱ ሕፃኑን ታቅፎ ሾርባ ያማስላል።

«ስብሰባው እንዴት ነበር?»

«እንደ ወትሮው። ረጅም።»

ማርጎ ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችው።

ሐሙስ ልጆቹን ይዞ ጫካው ጥግ በሚያልፈው የጠጠር መንገድ ሲወጣ፣ ከጫካው መግቢያ ላይ ሰንሰለት ተወጥሮ አገኙ። ሰንሰለቱ ላይ በቀለም የተጻፈ ሳንቃ ተንጠልጥሏል፤ «ለብስክሌት ዝግ ነው»። ከሰንሰለቱ ወዲያ፣ ላይል ማክሰኞ ከጫካው ሲመለስ የረገጠው እርጥብ ሜዳ ላይ፣ የጎማ ዱካ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«የሃይስኩል ልጆች ናቸው» አለ ኮልቢ የሚባለው። «የኛ ቤቱ ጉድ ሳይኖርበት አይቀርም። ወንድሜ ማክሰኞ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው የገባው።»

«እኛ ብንሆን ሚስተር ብሩኔል በሕይወት አይተወንም ነበር» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ዊኒ አልሳቀችም። ዱካውን ጎንበስ ብላ አየችው። ያንን ጎማ በገና ሰሞን ከአባቷ ጋር ሆና የገጠመችው እሷ ናት። ቀና ስትል ላይል ዓይኗን ሸሸ፤ «በሉ እንሂድ፤ በጠጠሩ ነው ዛሬ» አለና ቀድሞ ነዳ።

በመኪና ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ወንዙ ድልድይ ላይ ዊኒ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«ስብሰባ ነበረኝ ብለሃል እኮ።»

«ቀረ። ከዚያ ሄድኩ።»

ዊኒ መስኮቱን ታወርዳለች፣ መልሳ ትዘጋለች። «ኮልቢ ዛሬ ወንድሙን ያስጨንቀዋል። ልጁ ምንም አላደረገም። ጭቃ የሆነው በእርሻ መኪና ነው።»

«እናገራለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ ለሚስ ፓይክ። ሰኞ ለክፍሉ።»

«ለእማዬስ?»

«ዛሬ» አለ።

ማርጎን ያገኛት ሕፃኑን ስታጥብ ነው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ስብሰባውን፣ ጭቃውን፣ ቱቦውን፣ ሰንሰለቱን። ማርጎ የሕፃኑን ጀርባ በስፖንጅ ማሸቷን አላቆመችም።

«መንገዱን ለሚስ ፓይክ ንገራት» አለች በመጨረሻ። «እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ አርጥበው ጠበቁኝ። አንሶላውን ብቻዬን ቀየርኩ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ላይልም በዚህ ሰዓት ስብሰባ ላይ ተጎልቶ ይሰቃያል ብዬ ተጽናናሁ።»

«ማርጎ፣ ብነግርሽ እኮ...»

«ብትነግረኝ ሂድ እልህ ነበር መሰለህ? አልልህም ነበር። ደክሞኝ ነበር። ተናድደህ ትቀር ነበር፤ እሱ ግን ጭቅጭቅ ነው፤ ጭቅጭቅ ደግሞ የሁለት ሰው ነው። አንተ ብቻህን ነው የጨረስከው።» ሕፃኑን አንሥታ በፎጣ ጠቀለለችና ሰጠችው። «እኔም ሁለት ሰዓት እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ብስክሌት የለኝ ምን የለኝ። ዝም ብሎ ሁለት ሰዓት።»

በማግስቱ ሚስ ፓይክን የሽሮፕ ማፍሊያ ቤቷ ውስጥ አገኛት። ትልቁ መጥበሻ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ ጣሪያውን ሸፍኖታል። ላይል ኮፍያውን አውልቆ ገና አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ያንን ላስቲክ ያሰርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ ሚስ ፓይክ።»

«ማን ነው እንዲህ ማሰር ያስተማረህ? የጫማ ማሰሪያም እንዲህ አይታሰርም። ቱቦውን ከመበጠስህ ይልቅ እሱ ነው ያናደደኝ።» አረፋውን በማንኪያ ገፈፈች። «የአሥራ ሁለት ዛፍ ውሃ ለአንድ ቀን ተኩል መሬት ላይ ፈሰሰ። በዚህ ዓመት የመጨረሻው ጥሩ ውሃ ነበር።»

«እሠራዋለሁ፤ ቦዩንም እደፍናለሁ። ልጆቹ ግን ምንም አላጠፉም። እኔን ይከልክሉኝ፤ እነሱን...»

«ልጆቹን አልቀጣሁም። የተጎዳው መንገዱ ነው። ያንን ቦይ ዝናብ ካገኘው ኮረብታውን ይዞት ይወርዳል። ዘንድሮ ብስክሌት አይገባም።»

«ዘንድሮ ሙሉ?»

«ሰምተሃል» አለች። ከዚያ፣ አረፋውን እየገፈፈች፣ «አንድ ሺህ አንድ መቶ ዛፍ ላይ የተሰካ የውሃ መቅጃ ሹል አለኝ፤ ሁሉም መነቀል አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ና። ቀጥሎ ባለውም ቅዳሜ» አለችው።

ሰኞ ለክፍሉ ተናገረ። የሆነውን ሳያሳጥርና ሳያስረዝም ተናገረ፤ ኮልቢንም ወንድሙን ይቅርታ እንዲጠይቅ ነገረው። ልጆቹ ጠረጴዛቸውን ያዩ ነበር፤ መምህር ጥፋቱን ሲናገር ሰምተው አያውቁም፤ የት እንደሚያዩ ጠፋቸው። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ እጇን አወጣች።

«ስንት ሰዓት ነዱ?»

«አንድ ሰዓት አይሞላም።»

«ጥሩ ነበር?»

ላይል ዊኒን አየ። ዊኒ እርሳሷን ታዞራለች። «በጣም» አለ።

ግንቦት ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላይል ኦገስትን በጀርባው አዝሎ ከዛፍ ዛፍ እየሄደ በየግንዱ የተሰካውን የፕላስቲክ ሹል ይነቅላል፤ ቱቦውን ይጠቀልላል። ዓመቱን ሁሉ የሚጠበቀው የዚያ ሰሞን አየር ነው፤ መሬቱ ለጎማ የሚመች፣ ቅጠሉ ገና ያልከለለ፣ ትንኝ ያልመጣ። ከወዲያኛው ኮረብታ፣ ለሁሉም ክፍት ከሆነው የሕዝብ ጫካ፣ ሰዎች ቁልቁል ሲወርዱ የፍሬናቸው ጩኸት ይሰማል። ጩኸቱ በተሰማ ቁጥር እጁ ይቆማል። ሚስ ፓይክ ከታች ሆና፣ «ጆሮህ ሳይሆን እጅህ ነው የተቀጠረው» ትለዋለች። ቦዩን በድንጋይና በአፈር ሞልቶ ሲጨርስ መጥታ በጫማዋ ረገጠችውና፣ «ከማሰሩ ይሻላል» አለች። ሰንሰለቱ ግን አልተነሣም። ልጆቹ ሐሙስ ሐሙስ በጠጠሩ መንገድ እያጉረመረሙ ቀጠሉ፤ ሁለቱ ሰልችቷቸው ወደ ቤዝቦል ሄዱ።

ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ የማርጎ ሆነ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ፊቷ ላይ የመኪና ወንበር ስፌት ታትሞባት ተመለሰች።

«የት ሄድሽ?»

«ሐይቁ ዳር። ተኛሁ።»

«ሁለቱንም ሰዓት?»

«ሁለቱንም። በሚቀጥለውም እተኛለሁ። ሦስተኛው ላይ አስባለሁ።»

የእሱ ሰዓት እሁድ ጠዋት ሆነ፤ አንድ ሰዓት፣ ማቀዝቀዣው ላይ በማርጎ እጅ የተጻፈ። ሁለት እሁድ ከዊኒ ጋር ወደ ሕዝቡ ጫካ ሄዱ። በሦስተኛው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ላይል ጠዋት ተነሥቶ ሰማዩን ሲያይ ጠርቷል፤ ሄልሜቱን አድርጎ ወጣ። ጫካው አፍ ላይ ደርሶ ወረደና በአውራ ጣቱ መሬቱን ተጫነው። ጣቱ እስከ ጥፍሩ ገባ። ትንሽ ራመድ ብሎ እንደገና ተጫነ፤ ያው ነው። ከፊቱ ሌሎች ገብተው ነበር፤ ትኩስ የጎማ ቦይ ወደ ላይ ይወጣል። ተቆጣ፤ ወዲያው ደግሞ ቀናባቸው። እግሩ ፔዳሉ ላይ ወጥቶ ወረደ። ከዚያ ብስክሌቱን አዞረ።

ቤት ሲደርስ ማርጎ በረንዳው ላይ ሕፃኑን ታበላለች። «ምነው?»

«እርጥብ ነው።»

«አርባ ደቂቃ አለህ ገና። ግባና ተኛ።»

«አልተኛም። ቤት ከገባሁ ግድግዳ ነው የምበላው።»

«እንግዲያ አትግባ።»

አልገባም። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ሰፈሩን መዞር ጀመረ፤ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በፖስታ ቤቱ አድርጎ ወደ ቤታቸው፤ ለጫካ የተሠራው ወፍራም ጎማ አስፋልቱ ላይ እያንጎራጎረ። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሰዎች ሰላም አሉት፤ በሁለተኛው ዙር እንደገና ሰላም አሉት፤ በሦስተኛው ዝም ብለው አዩት። ዊኒ በፒጃማዋ በረንዳው ላይ ወጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን እየሆነ ነው?»

«ሰዓቱን እየጨረሰ ነው» አለች ማርጎ።

በስድስተኛው ዙር ዊኒ ተነሥታ ወደ ጋራዡ ሄደች፤ ብስክሌቷን አውጥታ በፒጃማዋ እንደሆነች ከኋላው ተከተለችው።