አቤትና እሺ

ልጄን እየሩስን ያሳደግኳት በሁለት ቃል ነው፤ ስትጠራ «አቤት»፣ ስትታዘዝ «እሺ»። «ለምን?» ያለች ቀን እቆነጥጣት ነበር። የሰፈራችን ሰዎች «እንዴት ያለች ታዛዥ ልጅ!» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

አሁን አሶሳ ነርስ ናት፤ የምንኖረውም አብረን ነው። ትናንት አለቃዋ ለክትባት ሥራ ወደ ግልገል በለስ እንድትሄድ አዘዛት።

«እሺ አልሽው?» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበለው እማዬ? ሌላ ቃል መቼ አስተማርሽኝ?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። በዚያ መንገድ በታጣቂዎች ተገድለው ስለቀሩት ሰዎች የሰማሁት ሁሉ መጣብኝ፤ እህልም አልቀመስኩም። አለቃዋ ቢደውል «አትሄድም፣ ሌላ ሰው ላክ» ልለው ቃሉን ደጋግሜ አጠናሁት።

ዛሬ ረፋድ ላይ እሷ ጓሮ ልብስ ስታጥብ ስልኳ ጮኸ። አነሳሁት፤ አለቃዋ ነው።

«እናቷ ነዎት? መኪናው ነገ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። እንዳታረፍድ ይንገሩልኝ።»

አፌን ከፈትኩ።

«እሺ ጌታዬ» አልኩት።

እየሩስ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች ገባች። «አለቃዬ ነው? ምን አልሽው?»

ጎንበስ ብዬ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣሁላት።